ጭቃ በሻሽ ያጠለሉት ጋሽ ኑሩ

ጋሽ ኑሩ መሞታቸውን የነገረኝ የወረታ ሚኒባስ ሹፌር ነው። ባሕር ዳር ከምሰፋበት በረንዳ ፊት ለፊት መኪናውን አቆመና፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ አንገቱን በመስኮት አስግጎ «ስመኘው ልብስ ሰፊው አንተ ነህ?» አለኝ። ነኝ አልኩት። «ዘይነባ ልካኝ ነው። አባቷ ጋሽ ኑሩ ዐረፉ። ትናንት ተቀበሩ። ሲመችህ ድረስልኝ ብላሃለች።» እንዴ! ሰው እንዲህ ይረዳል? መርዶ እኮ ወግ አለው። ቁጭ በል ይባላል፣ ውሃ ጠጣ ይባላል። ልቆጣው አፌን ስከፍት እሱ ጭራሽ ሌላ ጨመረልኝ፦ «ያቺ ፔጆ ግን እስከ ዛሬ ጭቃዋን እንደለበሰች ቆማለች። ድሮ ዝንብ አያሳርፉባትም ነበር አሉ። ሰውዬው መጨረሻ ላይ ምን ነካቸው?»

መልሱን እኔም አላውቀውም ነበር። እሱ ነድቶ ሲሄድ እግሬን ከስፌት መኪናዬ ፔዳል ላይ አነሳሁና፣ የማን እንደሆነ እንኳ የማላስታውሰውን ሱሪ ጭኔ ላይ እንደዘረጋሁ አለቀስኩ።

ጋሽ ኑሩ የወረታ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ሱቃቸው መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት፣ አንዱ ወደ ጎንደር ሌላው ወደ ደብረ ታቦር ከሚሄድበት ጥግ ላይ ነበር። እኔ በረንዳቸው ላይ የስፌት መኪናዬን ተክዬ ደርግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚያው ተቀምጬ አሳለፍኩት። እሳቸው ይቆርጣሉ፣ እኔ እሰፋለሁ፣ በመሃል እንነታረካለን። የጃንሆይ ዘመን ሊያልቅ ሲል የገዟት ጥቁር ሰማያዊ ፔጆ ነበረቻቸው። ከሱቁ ጀርባ፣ ከመኖሪያ ግቢያቸው ሎሚ ዛፍ ሥር ትቆም ነበር። የኛን አገር መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በበጋ የፎገራ ሜዳ ጥቁር አፈር ዱቄት ሆኖ ይነሳል፣ ከደብረ ታቦር በኩል ደግሞ ቀይ አቧራ ይወርዳል፣ ክረምት ሲገባ ሁሉም ማጥ ነው። በዚህ ሁሉ መሃል አንዲት መኪና ብቻ ታብረቀርቃለች። ሰው ቆሞ ያያት ነበር። እኔ ግን እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የሥራ ፈት ሥራ እያልኩ እስቅ ነበር።

እሑድ ጠዋት ሱቁ ሲዘጋ «ስመኘው፣ ቁራጭህን አምጣ እንይ» ይሉኛል። በሳምንቱ የተረፈኝን ቁራጭ ጨርቅ በከረጢት ይዤ እገባለሁ። ሎሚው ሥር በርጩማ ላይ ይቀመጡና አንዱን ካንዱ ይለያሉ፤ ሙሽራ የሚመርጥ ሰው እንኳ እንዲያ አይመርጥም። ጨርቁን ጉንጫቸው ላይ ያሹታል። አዲስ አቡጀዴ ከሆነ «ይሄ ገና ሙጫው አልለቀቀም፣ ይቧጭራል» ብለው ይጥሉታል። ናይለን ሲያገኙ ይናደዳሉ፦ «ውሃ አይጠጣ፣ ዘይት አይጠጣ፤ ይሄ ምን ሊሠራ ተፈጠረ?» ጠርዙ የተሰፋ፣ ቁልፍ የቀረበት ከመጣ «ይሄን ለጠላትህ መኪና ስጠው» ይሉኛል። ስንት ጊዜ ታጥቦ የሳሳ ነጠላ ካገኙ ግን ፊታቸው ይፈካል፤ እሱ ለጣራና ለኮፈን ነው። ፍላኔላ ሰም ለመቀባት ነው። ለማድረቂያ የበግ አጎዛ ነበራቸው። እጅ በማይገባበት ሁሉ፣ ከፊት ለፊቷ ጥርስ መሳይ ብረት መሃል፣ በመብራቷ ዙሪያ፣ መፋቂያ አኝከው ጫፉን ብሩሽ ያደርጉና በሱ ይገቡበታል። «እኔ ሳልፍቅ ልወጣ እችላለሁ፤ እሷ አትወጣም» ይሉ ነበር።

ደግሞ ሕግ አላቸው። መኪናዋ በጥላ እንጂ በፀሐይ አትታጠብም። በደረቁ አትነካም። «መጀመሪያ ትጠጣ!» ይላሉ። ውሃውን ከጣራዋ ጀምረው ቀስ ብለው ያፈሱላታል፤ አቧራው ጠጥቶ በራሱ እስኪለቅ ቆመው ይጠብቃሉ። ባልዲው ሁለት ነው፤ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ጨርቁ እጁን ለሚታጠብበት። ጨርቁም ማዕረግ አለው፤ የራስ፣ የወገብ፣ የእግር። ጎማ የነካ ጨርቅ ተመልሶ ጣራ ላይ ከወጣ ጉድ ፈላ ማለት ነው። መሬት የወደቀ ጨርቅ ደግሞ ሞቷል። አንድ ቀን ከእጄ የወደቀውን አንስቼ፣ አራግፌ ልሰጣቸው ስል እጃቸውን ሰበሰቡ። «አራግፌዋለሁ እኮ ጋሽ ኑሩ» አልኳቸው። «አሸዋው ሲወጣ ነግሮህ ነው የወጣው?» አሉኝ። ሰሙንም የሚገዙት ከይፋግ ገበያ እየመረጡ ነው፤ በላምባ ያሟሙትና በፍላኔላ ጠቅልለው፣ ቀባ ሳይሆን ዳሰስ ያደርጓታል።

መስታወት ግን በጨርቅ አይነኩም፤ በእርጥብ ጋዜጣ ነው፣ ክር አይጥልም። ይሄ ጋዜጣ አንድ ቀን ሊያስበላን ነበር። የቀበሌው ሰው በግቢው በር ሲያልፍ ቆመና «ኑሩ! በማን ፊት ነው መኪና የምትወለውለው?» ብሎ ጮኸ። ሳይ፣ ጋዜጣው ላይ የሊቀ መንበሩ ሥዕል! እኔ ሞቼ ነው የቆምኩት። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ገብቶ ይቀራል። ጋሽ ኑሩ ጋዜጣውን ቀስ ብለው ዘረጉና «ጌታዬ፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አድርጌ እኮ ነው የያዝኩት። የምወለውለው በጀርባው፣ በኳስ ጨዋታው ወሬ ነው» አሉት። ሰውዬው ይሳቅ ይቆጣ ግራ ገባው። «ሁለተኛ እንዳላይ» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ጋዜጣውን እኔ ገልብጬ እያየሁ፣ የኳሱን ገጽ ብቻ ቀድጄ እሰጣቸው ነበር።

ይሄ ሁሉ ድካም ለማን እንደሆነ ሳውቅ ነው ሳቄን የተውኩት። ባለቤታቸው እትዬ ሐሊማ ዓይናቸው ቀስ በቀስ ደክሞ፣ እኔ ወደ በረንዳው ስመጣ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። መኪናዋ ታጥባ፣ ሰም ተቀብታ ስታልቅ ልጃቸው ዘይነባ እጃቸውን ይዛ ታመጣቸዋለች። እትዬ ሐሊማ የጣታቸውን ጫፍ ኮፈኑ ላይ ያሳርፉና ቀስ ብለው ይሄዳሉ። ዓይን ያለው ሰው የማያየውን ያገኛሉ። «ኑሩ፣ እዚህ ጋ ሽፍታ አላት» ይላሉ። ጋሽ ኑሩ ፍላኔላቸውን ይዘው ይመለሱባታል። እትዬ ሐሊማ ዳር እስከ ዳር ዳብሰው እጃቸው ምንም ሳይዘው ሲያልፍ ቆም ይሉና «አልሐምዱሊላህ። ዛሬ አየኋት» ይላሉ። ያን ጊዜ የጋሽ ኑሩን ፊት ማየት ነበር! አንድ ቀን «እትዬ፣ ምን ይታይዎታል?» ብዬ ደፍሬ ጠየቅኳቸው። «በማለዳ የረጋ ጣናን አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ። «እሱን ነው የማየው፤ ሌላ የማየው ነገር አልቀረልኝም።»

እኔን ሲድሩኝም ፔጆዋን አውሰውኛል። እናቴ ከገጠር መጥተው ነበር። እኛ ስንዘፍን እሳቸው ለጋ ቅቤ ይዘው ወጡና ኮፈኗን፣ ጣራዋን፣ በሮቿን አድርሰው ቀቧት። «ምነው እማ!» ብል «ልጄን ተሸክማ የምትሄደው እሷ አይደለች? ደርቃ ትሂድ?» አሉኝ። በዚያ አቧራ የሙሽራዋ አገር ደርሰን ስንመለስ ገለባውም አፈሩም ተጣብቆባት ፔጆዋ ፀጉር አብቅላ መጣች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሽ ኑሩ ዞረው ዞረው አዩዋት። እትዬ ሐሊማ መጥተው እጃቸውን አሳረፉ። አሸት አሸት አደረጉና «ኧረ ኑሩ! መኪናችን ሙሽራ ሆናለች!» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እሳቸው ሲስቁ ጋሽ ኑሩም ተለቀቁ። የሽምብራ ዱቄት ነስንሰው ቅቤውን አስጠጡትና ሳያሹ፣ በጥጥ እያነሱ አወጡት። እናቴ ሌላ ቀን አይተዋት «ምርቃቴን አጠብከው?» ብለው ሲያኮርፉ «እናቴ፣ ምርቃትዎ ውስጥ ድረስ ገብቷል፤ እኔ ከላይ የተረፈውን ነው ያነሳሁት» አሏቸው። እናቴ እስኪሞቱ ድረስ ስለ ኑሩ ክፉ አይሰሙም ነበር።

በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣና መንገዱ ሲደርቅ ጋሽ ኑሩ ባለቤታቸውን ዋንዛዬ ፍል ውሃ ይወስዷቸዋል። እትዬ ሐሊማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ቤንዚን በኩፖን በሚሰፈርበት ዘመን ጠብታ ጠብታውን ለዚያ መንገድ ያጠራቅሙ ነበር። እትዬ ሐሊማ ከፊት ተቀምጠው፣ ቀኝ እጃቸውን በመስኮቱ አውጥተው በሩን ከውጭ እየዳበሱ ነው የሚሄዱት። እጃቸው ሁልጊዜ እዚያው ነው፤ ከመስኮቱ ዝቅ ብሎ፣ ሁለት መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ። ጋሽ ኑሩ እየነዱ ሰርቀው ያዩዋቸዋል። ሰው ሚስቱን እንዲህ ሲያይ አይቼ አላውቅም፣ ወደፊትም አላይ።

የደርግ የመጨረሻው በጋ ላይ ከተማችን እጅ ለወጠች፤ ታጋዮች ገቡ። ባሕር ዳርም ተያዘች። የመንግሥት አውሮፕላን ግን አልቀረልንም፤ መንገድ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ካየ ይመታል። ስለዚህ መኪና ሁሉ በጭቃ ተለቅልቆ፣ ያውም በማለዳ፣ አውሮፕላኑ ከመምጣቱ በፊት ብቻ እንዲሄድ ታዘዘ። ጋሽ ኑሩ «የኔ የትም አትሄድም» ብለው ፔጆዋን ግቢ ዘጉባት። ደግሞ ጥላ እንዲሆናት ከሎሚው ጎን በቆርቆሮ ዳስ ሠሩላት።

ጥቂት ሳይቆይ እትዬ ሐሊማ ታመሙ። እንዲህ እንደ ጉልበታቸው አይደለም፤ ትንፋሽ አጠራቸው፣ እግራቸው አበጠ። የጤና ጣቢያው ሰው «ባሕር ዳር ሆስፒታል ዛሬውኑ አድርሷቸው፤ እዚህ ምንም ላደርግላቸው አልችልም» አለ። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ጋሽ ኑሩ፣ ዘይነባና እኔ ይዘናቸው ወጣን። ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ ፀጉሩ የጎፈረ ወጣት ታጋይ አስቆመን። መኪናዋን ሲያይ ራሱን ያዘ። «አባት፣ ይሄ መኪና ነው መስታወት? አውሮፕላን ጠርታ ታስፈጃችኋለች! ቶሎ ጭቃ ለቅልቃችሁ ኑ፣ ፀሐይ ሳይከር ከደረሳችሁ አሳልፋችኋለሁ» አለ። ልጁ እውነቱን ነበር።

ተመልሰን ግቢ ገባን። እትዬ ሐሊማን ቤንዚን ልንጨምር ነው ብለን ወደ ቤት አስገባናቸው። እኔ ከውሃ ጉድጓዱ ጥግ ጭቃ አብኩቼ በአካፋ ይዤ መጣሁ። አንድ ጊዜ ጣራዋ ላይ ብወረውረው አለቀ። «ቁም!» አሉኝ ጋሽ ኑሩ። ሱቅ ገቡና አዲስ ሻሽ ቀደው መጡ። ሁለቱን ባልዲ አመጡ። ጭቃውን በሻሽ ያጠልሉት ጀመር። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ጠጠሩን እያወጡ፣ አሸዋውን እየለዩ፣ የቀረውን እንደ ቅባት የለሰለሰ ጭቃ ባንደኛው ባልዲ ያጠራቅማሉ። ከዚያ ፍላኔላቸውን አንስተው መጀመሪያ መኪናዋን ሰም ሊቀቧት!

«ጋሽ ኑሩ!» ብዬ ጮህኩ። «የታመመችው እኮ ሰው ናት! መኪና አይደለችም!»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ስትድን መጥታ ትዳብሳት የለም? በአካፋ ከተቧጨረች፣ ያን ጊዜ ምን እሰጣታለሁ? አትድንም ብዬ ነው የምለቀልቃት?»

አካፋውን አስቀመጥኩ። እሳቸው ጭቃውን በጨርቅ እንኳ አልቀቡትም፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ጨርቅ ሲመርጡ የኖሩት ሰው በባዶ መዳፋቸው ነው የቀቡት፣ ጠጠር ካለ እጅ ያውቀዋል ብለው። ከመስኮቱ ሥር ያችን ሁለት መዳፍ የምታህለውን ቦታ ሲደርሱ ግን ተዉዋት። ዙሪያዋን ሞልተው እሷን ባዶ አስቀሯት።

«ይቺስ?» አልኳቸው።

ወደ ቤቱ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እጇን እዚህ ታሳርፋለች። አታውጪ ብላት ለምን ትለኛለች። ታማ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ እጇን አፈር ላይ ላሳርፋት? አፈሩ ጠራኝ ትላለች። ወላሂ ትላለች፤ ሐሊማን አላውቃትም?»

ዘይነባ በር ላይ ብቅ ትላለች፣ ትመለሳለች። ሦስተኛ ስትመጣ ዓይኗ ቀልቶ «አባዬ፣ አልጨረስክም?» አለች። ጨረስን ስንል ፀሐይ ከርሯል። አውሮፕላኑም መጣ፤ ድምፁ ቤቱን አንቀጥቅጦት ወደ ጣና በኩል አለፈ። ወደ ኬላው ሮጬ ሄድኩ። ልጁ «ለዛሬ መንገዱ ተዘግቷል፣ ነገ በማለዳ ኑ» አለኝ። በአካፋ ብንለቀልቃት ኖሮ በደረስን። ይሄን እኔም አውቃለሁ፣ ዘይነባም ታውቃለች፣ ከሁላችን በላይ ጋሽ ኑሩ ያውቃሉ። ያን ቀን እትዬ ሐሊማ ትንፋሻቸውን እየፈለጉ ዋሉ። ጋሽ ኑሩ ጭቃው ደርቆ እንዳይሰነጣጠቅና እንዳይረግፍ እርጥብ አቡጀዴ አልብሰዋት፣ ባጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ እንደገና ወጣን። እትዬ ሐሊማ እንደ ልማዳቸው ከፊት፣ ዘይነባና እኔ ከኋላ። እጃቸውን በመስኮቱ አወጡ፣ ባዶዋ ቦታ ላይ አሳረፉ። ጋሽ ኑሩ ትንፋሻቸውን ውጠው ነበር፣ ለቀቁት። ኬላው ላይ ልጁ ያቺን የምታበራ ቦታ አየና «ይቺስ?» ብሎ በጣቱ ሊያሳይ ሲል ጋሽ ኑሩ ዘለው ወረዱና ክንዱን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱት። ዘይነባም የሐኪሙን ወረቀት ይዛ ተከተለቻቸው። መኪናው ውስጥ እኔና እትዬ ሐሊማ ቀረን።

«ስመኘው» አሉኝ።

«አቤት እትዬ።»

«ኑሩ ወርዷል?»

«ወርደዋል።»

ጣቶቻቸው ከቦታቸው ተነሱ። ቀስ ብለው ወደ ጎን ሄዱ፣ ሄዱና ጭቃው ላይ ደረሱ። ጭቃው አልደረቀም ነበር፤ አራቱ ጣታቸው ገባበት። አልደነገጡም። እዚያው አቆዩዋቸው።

«ይሄ አፈር ነው፣ አይደል?»

«እትዬ...»

«ተወው። ከትናንት ጀምሮ ሸቶኛል። የጠፋው ዓይኔ ነው እንጂ አፍንጫዬ መቼ ጠፋ?» ብለው ፈገግ አሉ። ጣታቸውን ወደ ውስጥ መለሱና በነጠላቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ባዶዋ ቦታ ላይ መልሰው አሳረፉ። «ትናንት ቀኑን ሙሉ የዋለው ለዚች ነው። ነካችው እንዳትለው። አደራ። አልነካችውም ብሎ ይረፍ።»

ጋሽ ኑሩ ተመልሰው ገቡ። የባለቤታቸው እጅ ከባዶዋ ቦታ ላይ እንዳለ ነበር። «ሐሊማ፣ እጅሽን አልበረደሽም?» አሏቸው።

«አልበረደኝም» አሉ እትዬ ሐሊማ። «ዛሬም እንደ ረጋ ጣና ናት።»

እኔ ፊቴን ወደ ሜዳው አዞርኩ።

የጉማራን ድልድይ እንደተሻገርን ዘይነባ ጮኸች። ጋሽ ኑሩ መኪናዋን ዳር አስያዙ። ወርደው ዞረው መጡ። የእትዬ ሐሊማ እጅ አሁንም በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ያችን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ውስጥ መለሷት፣ ደረታቸው ላይ አሳረፉላቸው። «ኢና ሊላሂ» አሉና መሪውን ወደ ወረታ መለሱት። ከቀትር በኋላ ቀበርናቸው።

ከዚያ ወዲያ ያቺ መኪና ግቢ ገብታ አልወጣችም። ጭቃዋን አላጠቧትም። አንድ እሑድ ባልዲ ይዤ ብመጣ «አትንካት» አሉኝ፤ እንደዚያ ባለ ድምፅ ተናግረውኝ አያውቁም። ሊጠይቃቸው ለሚመጣ ሰው ሁሉ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ሐሊማ አፈር ሳትነካ ሄደች። አልሐምዱሊላህ።» ይሄን ሲሉ ዘይነባ ተነስታ ትወጣለች። አንድ ቀን በረንዳው ላይ አጠገቤ ቆማ «በአካፋ ለቅልቀሃት ቢሆን ኖሮ...» አለችኝና ሳትጨርሰው ገባች። እኔ አደራዬን በሆዴ ይዤ መስፋቴን ቀጠልኩ። የሱቁ ጨርቅ ተሟጠጠ፣ ሥራ ጠፋ፣ የስፌት መኪናዬን ተሸክሜ ባሕር ዳር ገባሁ። ጋሽ ኑሩን ከዚያ በኋላ ያየኋቸው አልፎ አልፎ ነው፤ ሁልጊዜም ዳሱ ውስጥ፣ ፔጆዋ አጠገብ ተቀምጠው።

መርዶውን በሰማሁ ማግሥት ወረታ ሄድኩ። ድንኳኑ ገና አልተነሳም። ዘይነባ አንገቴ ላይ ወድቃ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ አላህ ሰብሩን ይስጥሽ አልኳት። ሰው ቀለል ሲል እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ።

«እባክህ ይቺን መኪና እጠብልኝ» አለች። «እሱ እያለ አላስነካም። አሁን ለቀስተኛው ሁሉ እየመጣ ያያታል፤ ያ ኑሩ በጭቃ አለቀ እየተባለ ነው። በምን እንደምትታጠብ የምታውቅ አንተ ነህ። እኔም... እኔም ያን ጭቃ ማየት አልችልም ስመኘው። ባየሁት ቁጥር አባቴን እቀየመዋለሁ። ሙት መቀየም ደግሞ ከበደኝ።»

እሺ አልኳት። ቁራጭ ጨርቅ ለመንኳት፤ ያረጀ ነጠላ መረጥኩ፣ ጉንጬ ላይ አሸሁት። ሁለቱን ባልዲ ውሃ ሞላሁ። መጀመሪያ ትጠጣ አልኩና አንደኛውን ባልዲ ጣራዋ ላይ ላፈስ አነሳሁ። ጭቃው ተሰነጣጥቆ ግማሹ ረግፏል። በስተቀኝ በኩል ዞርኩ። ያቺ ሁለት መዳፍ የምታህል ቦታ ታበራለች! ትናንት ሰም የተቀባች ይመስል ፊቴ ታየኝ። ጋሽ ኑሩ እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ ሲወለውሏት ኖረዋል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ባልዲውን መሬት አስቀመጥኩት።

ከቦታዋ ጎን፣ ጭቃው ላይ፣ አራት ጣት አለ። የእትዬ ሐሊማ አራት ጣት። ሌላው ጭቃ ሲሰነጣጠቅና ሲረግፍ እሱ አልተነካም፤ ቀጭን ሰም ተንጠባጥቦበት፣ ሰሙን ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። መስኮቱ ጠርዝ ላይ አንዲት መፋቂያ ተቀምጣለች። ጫፏ ላይ ፍላኔላ ተጠቅልሎባታል፤ የጣቶቹን ዳር ሳይነኩ ባጠገባቸው ለመወልወል የተሠራች ናት።

«ዘይነባ» አልኳት፣ «ነይ እዚህ።»

መጣች። የምታየው ምን እንደሆነ መጀመሪያ አልገባትም። የኬላውን ነገር ያን ጊዜ ነገርኳት። አደራው ለአባቷ እንዳልነግር ነበር፤ አባቷ ደግሞ አሁን የሉም። እናቷ ያሉትን ቃል በቃል ነገርኳት፤ አፈር ነው አይደል ማለታቸውን፣ ፈገግ ማለታቸውን፣ ነካችው እንዳትለው ማለታቸውን። ዘይነባ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጣቶቹን ታያለች፣ መፋቂያዋን ታያለች።

«ያውቅ ነበር?» አለች።

«ያውቁ ነበር።»

«ለእኔ ግን እስኪሞት ድረስ ሳትነካው ሄደች ነው የሚለኝ። አልጋው ላይ ሆኖ፣ መጨረሻ ላይ እንኳ፣ እናትሽ አፈር አልነካችም ዘይነባ አለኝ።»

ዘይነባ በሩ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች። እጇን ወደ ጣቶቹ ዘረጋች፣ ሳትነካቸው መለሰችው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ «አባዬ» ብላ አለቀሰች።

ነጠላውን አጣጥፌ መስኮቱ ላይ፣ ከመፋቂያዋ ጎን አስቀመጥኩት። ውሃውን ሎሚው ሥር ደፋሁት።